የቤተሰባችን ፖስታ ቤት

እኛ ቤተሰብ የራሳችን ፖስታ ቤት አለን። ግድግዳም ጣሪያም የለውም። ጀርመን አገር በወር ኪራይ የያዝነው፣ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ትንሽ ሰርቨር ነው። ደንበኞቹ 11 ነን። ትልቋ 79 ዓመት የሞላት እናቴ ናት፤ ትንሹ ዱባይ የምትኖረው እህቴ የ12 ዓመት ልጅ ነው። የሁላችንም የኢሜይል አድራሻ የሚያልቀው በአባታችን ስም ነው።

“ጂሜይል በነፃ እያለልሽ ምን አደከመሽ?” የማይለኝ ሰው የለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ባንክ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ 22 ዓመት ሠርቼ ስወጣ፣ ሐሳቤ ከሰርቨር ጋር ለመፋታት ነበር። ወደዚህ ሥራ የመለሰኝ የታላቅ ወንድሜ ሞት ነው።

ጋሼ ፍራንክፈርት ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. አረፈ። በየእሁዱ ለእናታችን ይደውላል። እየደወለ የልጅነቷን ወሬ ያስወራታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። የተወለደችበትን መንደር፣ ወደ አዲስ አበባ በእግርና በጭነት መኪና የመጣችበትን መንገድ፣ ከአባታችን ጋር የተዋወቁበትን ሰርግ ሁሉ ጽፎታል። የጻፈውን ደግሞ ለራሱ በኢሜይል ይልክና እዚያው ያስቀምጠዋል፤ የድሮ ሰው ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ እንደሚያኖረው።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤቱ ያንን ሣጥን ልትከፍት ሞከረች። የይለፍ ቃሉን አታውቀውም። አዲስ ለማውጣት የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ የሚመጣው ግን በእሱ ስልክ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ተዘግቷል። ለድርጅቱ ጻፈችላቸው። የሞት ምስክር ወረቀት ጠየቁ፣ ላከች። የጋብቻ ወረቀት ጠየቁ፣ አስተርጉማ አረጋግጣ ላከች። ከወራት በኋላ የመጣላት መልስ “አካውንቱን ልንዘጋው እንችላለን፤ ውስጡ ያለውን ግን ለማንም አንሰጥም” የሚል ነበር። አልፈርድባቸውም። ሰው የጻፈውን ሁሉ ሚስቱ እንድታነብበት ይፈልጋል ማለት አይቻልም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው። የእናቴ ታሪክ ግን በልጇ እጅ እንደተጻፈ እዚያው ቀረ።

ፖስታ አገራችን ውስጥ ከተቋቋመ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አለ። ደብዳቤ ቤታችን ድረስ አይመጣም፤ ሣጥን እንከራይና ቁልፉን እኛው እንይዛለን። አባታችን ሲሞት የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ ከመስቀያው ላይ ነበር። እናቴ አንስታ ሄዳ ከፈተችው፤ አለቀ። እኔ የፈለግሁት ይኸው ነው። ሰው ሲሄድ ቁልፉ መስቀያው ላይ የሚቀርበት ሣጥን።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን አንብባችሁ ነገ ሰርቨር ልትከራዩ የምትነሱ ካላችሁ ቆዩኝ። መካከለኛ መንገድ አለ። ዶሜይን የሚባለውን ስም ገዝታችሁ፣ ሣጥኑን ግን ይህን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ድርጅት በክፍያ መከራየት ትችላላችሁ። ስሙ የእናንተ ስለሆነ ድርጅቱ ቢያስከፋችሁ ስማችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ትሄዳላችሁ፤ የዘመዶቻችሁ አድራሻ አይለወጥም። ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው ይህንን ነው። እኛ ያልመረጥነው ድርጅቶቹ የሚያስከፍሉት በሰው ቁጥር ስለሆነ ነው፤ 11 ሰው ሲሆን ይከብዳል። ሰርቨሩ ግን አንድም ሰው ይጠቀምበት አሥራ አንድ፣ ኪራዩ ያው ነው። እዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ በካርዱ ይከፍላል። እኔ ጉልበቴን አዋጣለሁ።

“ለምን እቤትሽ አታስቀምጪውም?” ያለኝም አለ። መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ኢሜይል የመብራት መጥፋትን የሚችል ነገር ነው። የላኪው ፖስታ ቤት የእኛን በር ዝግ ሆኖ ቢያገኘው ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል፣ ቆይቶ ደግሞ ያንኳኳል። ብዙዎቹ ተስፋ የሚቆርጡት ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ነው። ችግሩ የቤት መስመር አድራሻው የሚቀያየር መሆኑና ትልልቆቹ ፖስታ ቤቶች ከእንዲህ ያለ መስመር የመጣን ደብዳቤ የማያምኑ መሆናቸው ነው። ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አምስቱ ቀን አልፎ ሲሄድ የውጭ ዘመድ የላከው ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል። ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ ግን ደብዳቤው ገብቶ ይጠብቀናል፤ መስመር ሲከፈት እናነበዋለን።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ምርጫ ልግባ። አንድ ፖስታ ቤት ሦስት ሠራተኛ ይፈልጋል። አንዱ ደብዳቤ የሚያመላልስ፣ አንዱ ሣጥኖቹን የሚጠብቅና ባለቤቱ ሲመጣ የሚከፍት፣ አንዱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ አጭበርባሪውን የሚመልስ ዘበኛ። ሦስቱንም የሚሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል፤ ስለዚህ ጭንቀቱ ገንዘብ አይደለም፣ ምርጫ ነው።

አመላላሹን እንይ። አንጋፋው ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የጻፈው ሴንድሜይል ነው። በ1980ዎቹ የኢንተርኔትን ደብዳቤ አብዛኛውን ተሸክሞ የኖረ ነው። ነገር ግን የማስተካከያ ፋይሉን ሰው ሲያየው የተረገመ ክታብ ይመስለዋል። ደግሞ ሁሉንም ሥራ አንድ ትልቅ ፕሮግራም፣ ያውም በሙሉ ሥልጣን፣ ስለሚሠራው አንድ ቀዳዳ ከተገኘበት ቤቱ ሁሉ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የኮርኔል ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ትል ኮምፒውተሮችን ሲያዳርስ ከተጠቀመባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጡት ከዚህ ተምረዋል። ፊሊፕ ሄዘል እ.ኤ.አ. በ1995 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኤግዚም ያሻችሁትን መመሪያ ሁሉ የሚቀበል ነው፤ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስም ከራሱ ጋር የሚያቀርበው እሱን ነው። ዊትሳ ቬኔማ የተባለው ሆላንዳዊ ደግሞ አይቢኤም ምርምር ማዕከል ሳለ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖስትፊክስን አወጣ። ፖስትፊክስ ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ያከፋፍላል። በር ላይ የሚቀበለው ሌላ፣ ወረፋ የሚያስይዘው ሌላ፣ የሚያደርሰው ሌላ ነው። አንዱ ክፍል ሌባ ቢገባበት ወደ ሌላው መሻገሪያ በቀላሉ አያገኝም።

እኔ ፖስትፊክስን መረጥሁ። ኤግዚም አይረባም ብዬ አይደለም፤ ትልቅ ድርጅት ቢሆን ኖሮ አስብበት ነበር። ለቤተሰብ ግን ያ ሁሉ መታጠፍ አያስፈልግም። የፖስትፊክስ ማስተካከያ በየመስመሩ “ይህ ነገር እኩል ይሆናል ይህ” እያለ ይሄዳል። እኔ ብታመም የወንድሜ ልጅ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ለቤተሰብ ሲመርጡ ትልቁ መመዘኛ ይህ ይመስለኛል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያነበው ይችላል ወይ?

ለሣጥን ጠባቂነት ቲሞ ሲራይነን የተባለው የፊንላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን ዶቭኮትን ያዝሁ። እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ አለ፤ ደብዳቤዎቹ እንዴት ይቀመጡ? በአንደኛው ዘዴ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ይሰፋል፤ ፋይሉ መሐል ላይ ቢበላሽ ችግር ነው። ሜይልዲር በሚባለው ዘዴ ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል ነው። ሁለተኛውን ያለማመንታት ወሰድሁ። የጋሼን ነገር አስቡት። ደብዳቤው ተራ ፋይል ሆኖ በፎልደር ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ቢሞት፣ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ እኔ ባልኖር፣ ፎልደሩን የገለበጠ ሰው በሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ከፍቶ ያነበዋል።

ዘበኛው ላይ ቁጠባ አስፈለገ። ቫይረስ የሚፈትሸው ክላምኤቪ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ ይበላል። 2 ጊጋባይት ባለው ቤት እሱን ማስገባት ለዘበኛው ሳሎኑን መስጠት ነው። ስለዚህ ቀለል ያለውን አርስፓምዲን አቁሜ፣ ሊሠራ የሚችል ፕሮግራም ያዘለ ደብዳቤ በሩ ላይ እንዲመለስ አደረግሁ። እናቴ ፕሮግራም የሚልክላት ዘመድ የላትም። ሁሉን በአንድ ጥቅል የሚያቀርቡም አሉ። ሜይል ኢን ኤ ቦክስ ለትንሽ ሰርቨር ይሆናል፤ ሜይልካው ቁንጅናው ልዩ ነው፣ ግን 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ይጠይቃል። ጥቅሉ እየሠራ ሳለ ምቾት ነው። ሲበላሽ ግን የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ጥቅሉን መማር አለ፣ ቀጥሎ ውስጡን። እኔ አንዱን ብቻ መማር መረጥሁ።

እናቴ ስሟ በአማርኛ ፊደል አድራሻ እንዲሆንላት ጠይቃኝ ነበር። ፖስትፊክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይህን ይችላል። የተቀባዩ ፖስታ ቤትም ካልቻለ ግን ደብዳቤው ይመለሳል፤ የማይችሉት ደግሞ ብዙ ናቸው። “እንግዲያው የፈረንጁ ይሁን፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን በራሴ ፊደል እጽፋለሁ” አለች። ያንን ማንም አይከለክላትም።

በጠቅላላው አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ ጀመርን፤ አንድ ዓመት ያህልም ያለ ችግር ሄደ።

ከዚያ እናቴ ዝም አለች። ነገሩን ያወቅሁት በሰርቨሩ አይደለም፤ በፊቷ ነው። ታብሌቷን ከጠረጴዛው አንስታ ቁምሳጥን ላይ አድርጋዋለች። እሷ ደብዳቤ መጻፍ ማለት የሁለት ቀን ሥራ ነው። በአንድ ጣት ትጽፋለች፣ መሐል ላይ ቡና ታፈላለች፣ ያረፈ ዘመድና የተወለደ ሕፃን ሳትቆጥር አትዘጋውም። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባው የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው፤ ሦስት ደብዳቤ ጽፋለታለች፣ አንዱንም አልመለሰም። አባቱ ሲደውል ስልኩን ቶሎ ለእኔ ታቀብላለች። “ልጁ እንዴት ነው?” ብላ አትጠይቅም። ስጨቀጭቃት “ተይው፤ አድጓል” አለችኝ።

ሎግ የሚባለውን የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትሁ። ፖስትፊክስ ያደረገውን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ይጽፋል። ሦስቱም ደብዳቤዎች “ተልኳል” ይላሉ፤ ከጎናቸው 250 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የወዲያኛው ፖስታ ቤት “ተረክቤያለሁ” ያለበት ቃል ነው። ከተረከበ በኋላ የት እንዳስቀመጠው ግን አይናገርም። የሚቀጥለው ሰርቨሩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጁን ደወልሁለት።

“አክስቴ፣ እማማ እኮ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ አንድም ቀን ጽፋልኝ አታውቅም” አለኝ። ድምፁ ላይ ቅሬታ ነበረ። እሱም ረሳችኝ ብሎ ተቀይሟል።

የስፓም ፎልደርህን ክፈት አልሁት። ሦስቱም እዚያ ናቸው፤ ሎተሪ ደረሰህ ከሚሉትና መድኃኒት ከሚሸጡት ጋር ተደርድረው። ካገኛቸው በኋላ ለትንሽ ጊዜ ምንም አላለኝም። “መልሼ እደውልልሻለሁ” ብሎ ዘጋው፤ የደወለው ግን ለእሷ ነው። ስለ ደብዳቤዎቹ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በልተህ ነው ወይ ስትለው ብቻ ሰማሁ። ማታ ታብሌቱ ከቁምሳጥኑ ላይ ወርዷል።

ለእኔ ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው። ደብዳቤው ለምን ከአጭበርባሪ ጋር ተቆጠረ? ትልልቆቹ ፖስታ ቤቶች የመጣውን ደብዳቤ ሲመዝኑ የሚያዩት ነገር አለ። ኤስፒኤፍ የሚባለው “በዚህ ስም ደብዳቤ የሚልከው ይህ ሰርቨር ነው” ብሎ በአደባባይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ዲኪም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚመታ ማኅተም ነው፤ መንገድ ላይ የተነካካ ደብዳቤ ማኅተሙ አይገጥምም። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ካልገጠሙ ደብዳቤውን ምን እንደሚያደርጉት ለተቀባዮች የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ይህን በይፋ መጠየቅ ጀምረዋል፤ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩት ሦስቱንም፣ ለሌሎቻችን ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን። ቁጥጥሩ ግን ቀድሞም ነበረ። የእኛን ሦስቱንም አየኋቸው፤ ልክ ናቸው።

አራተኛው ነገር ላይ ነው የተያዘው። እያንዳንዱ ሰርቨር የስልክ ቁጥር የመሰለ አድራሻ አለው። ከስም ወደ ቁጥር የሚወስደውን መዝገብ የሚጽፈው ባለስሙ ነው። ከቁጥር ወደ ስም የሚመልሰውን የሚጽፈው ግን የቁጥሩ ባለቤት ነው፤ ያም አከራዩ ድርጅት። ሁለቱ ካልተጋጠሙ ተቀባዩ “ይህ ሰው ነኝ ያለው ስም ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ” ብሎ ይጠረጥራል። ከወራት በፊት አከራዩ ማሽኖቹን ወደ ሌላ ሕንፃ ሲያዛውር አዲስ ቁጥር ሰጥቶን ነበር። የእኛን ወገን መዝገብ በዚያው ዕለት አስተካክያለሁ። የእነሱ ወገን “አብሮ ይዛወራል” ተብሎ በማስታወቂያ የተነገረን ነበር፤ አልተዛወረም። አዲሱ ቁጥር ሲጠየቅ የሚናገረው የእኛን ስም ሳይሆን አከራዩ ለማንም ተከራይ የሚሰጠውን ቁጥር ብቻ የሆነ ስም ነው።

ይኸም ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከእኛ በፊት ሌላ ተከራይ ነበረው፤ ያ ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ነበር። የአጭበርባሪዎችን አድራሻ እየመዘገቡ ለፖስታ ቤቶች የሚያሳውቁ ድርጅቶች አሉ። ቁጥራችንን ብፈልገው ከአንዱ ዝርዝር ላይ ተገኘ። ቤት ተከራይታችሁ ገብታችሁ የቀድሞው ተከራይ አበዳሪዎች በራችሁን ሲደበድቡት ማለት ነው። አከራዩ መዝገቡን በአንድ ቀን አስተካከለልኝ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ማመልከቻ ሞላሁ፤ በሁለት ቀን ወጣን። ስም ግን እንዲህ በሁለት ቀን አይጠራም። ሦስት ሳምንት ያህል ቤተሰቡን አስተባብሬ እርስ በርስ እንዲጻጻፉ፣ ስፓም ውስጥ ያገኙትንም “ስፓም አይደለም” እያሉ እንዲያወጡት አደረግሁ። የአክስቴ ልጆች ሳይቀሩ ለእናቴ ጻፉላት። ታዋቂ ሆንሁ ብላ ሳቀች።

ሰርቨር የሌላችሁም ብትሆኑ ይህ ይጠቅማችኋል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ “አልመለሰልኝም” ብላችሁ ከመቀየማችሁ በፊት፣ ስልክ ደውላችሁ የስፓም ፎልደሩን እንዲያይ ንገሩት። የራሳችሁንም እዩ።

ሌሎቹ ችግሮች ከዚህ ይቀላሉ። ዱባይ ያለችው እህቴ ልጇ ፊደል ሲያነብ የቀረጸችውን 8 ሜጋባይት ፋይል ላከች፤ “ከልክ በላይ ነው” ተብሎ ተመለሰባት። ፖስትፊክስ ከአምራቹ ሲመጣ የሚቀበለው እስከ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። “ስምንት ከአሥር ያንሳል፤ ሰርቨርሽ መቁጠር አይችልም እንዴ?” አለችኝ። ይችላል። ኢሜይል በጥንት ጊዜ ሲሠራ ተራ ጽሑፍ ብቻ እንዲሸከም ነው፤ ስለዚህ ፎቶም ድምፅም ወደ ፊደል ተገልብጦ ይሄዳል፣ ሲገለበጥ ደግሞ ከሢሶ በላይ ያብጣል። 8 የነበረው መንገድ ላይ ወደ 11 ይጠጋል። ጣሪያውን ወደ 30 ከፍ አደረግሁት። ከዚያ በላይ የሆነ የሰርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይምጣ ብያለሁ።

የማይታወቅ ላኪን “ቆይተህ ተመለስ” እያለ የሚያስጠብቅ ዘዴም አለ። አጭበርባሪ ለመመለስ ትዕግሥት የለውም፤ እውነተኛ ፖስታ ቤት ግን ይመለሳል በሚል ሐሳብ የተሠራ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ነገር ግን አንዳንዱ ፖስታ ቤት የሚመለሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። የእናቴን የላቦራቶሪ ውጤት ስንጠብቅ ግማሽ ቀን ካስቆየብን በኋላ አጠፋሁት። ስፓም በመጠኑ ቢበዛ እመርጣለሁ።

በሩን የሚደበድቡትንም ልንገራችሁ፤ ሥራ በጀመርን በመጀመሪያው ቀን ነው የመጡት። ከዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች የይለፍ ቃል እየገመቱ ሌት ተቀን ይሞክራሉ። እኛን ስለሚያውቁን አይደለም፤ ያገኙትን በር ሁሉ ነው የሚነኩት። ፌይልቱባን የሚባል ፕሮግራም መዝገቡን እያነበበ፣ ደጋግሞ የሳተውን አድራሻ ይዘጋበታል። በተረፈ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። የእናቴ ከአርባ በላይ ፊደል አለው። ቅኔ የመሰለ ነገር ነው፤ ከአፏ አይጠፋም፣ ከቤተሰቡም ማንም ሊገምተው አይችልም።

አንድ ሰው “ደብዳቤዬ አልደረሰም” ሲለኝ ዛሬ የምጀምረው ከወረፋው ነው። ደብዳቤው እዚያ ቆሞ ካገኘሁት ምክንያቱ አጠገቡ ተጽፏል። የመልሱ ቁጥር በ4 ከጀመረ ወዲያኛው ወገን “አሁን አይመቸኝም፣ ቆይተህ ና” ማለቱ ነው፤ አልነካውም፣ ራሱ ይሄዳል። በ5 ከጀመረ “አልቀበልም” ነው፤ ያኔ ሰው መግባት አለበት። ወረፋው ባዶ ከሆነ መዝገቡን አያለሁ። መዝገቡም ዝም ካለ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አያለሁ፤ የሞላ ዲስክ ያለው ሰርቨር ምንም አይቀበልም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰውየው አድራሻውን በትክክል ጽፎ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የግማሹ ችግር መፍትሔ እዚያ ላይ ነው።

በየሌሊቱ የደብዳቤዎቹ ቅጂ አዲስ አበባ እኔ ቤት ወዳለ ዲስክና ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ ቤት ወዳለ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። የመስመሩ የደኅንነት ምስክር ወረቀት በ90 ቀን ስለሚያልቅ በራሱ ይታደሳል፤ ፖስትፊክስና ዶቭኮትም አዲሱን እንዲያነቡ የምታዝ አንዲት መስመር ጨምሬያለሁ፣ አለበለዚያ የሁሉም ስልክ በአንድ ቀን ይጮሃል።

የወንድሜ ልጅ፣ ያ ደብዳቤው የጠፋበት፣ አሁን ረዳቴ ሆኗል። በወር አንድ ቅዳሜ መዝገቡን አብረን እናነባለን፤ እሱ እዚያ በጠዋት፣ እኔ እዚህ ወደ ማታ። ባለፈው ክረምት እኔ ስታመም ዲስኩ ሊሞላ ሲል ያየው እሱ ነው፤ የቆየ መዝገብ አጥፍቶ ቦታ አስለቅቆ፣ ለእኔ የነገረኝ ከዳንሁ በኋላ ነው።

ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ። ስሙን የገዛንበት ቦታ፣ የሚታደስበት ቀን፣ የሰርቨሩ መግቢያ፣ ቅጂዎቹ ያሉበት፣ የየሰዉ ሣጥን ሲሞት ለማን እንደሚከፈት እያንዳንዱ በፊርማው ያመለከተበት ገጽ። ሁለት ሰው “ለማንም አይከፈት፤ ይጥፋ” ብሏል፤ ይጠፋል። ደብተሩን የያዘችው እናቴ ናት። ከቤት ካርታው፣ ከአባታችን የፖስታ ሣጥን ቁልፍና ከጋሼ የልጅነት ፎቶ ጋር በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጣዋለች። ውስጡ ያለውን አታነበውም፤ ብታነበውም አይገባኝም ትላለች። ባለፈው የገና ሰሞን ዱባይ ያለው ትንሹ መጥቶ ልየው ሲላት ግን፣ መጀመሪያ እጁን አስታጠበችው።